ቀን መቁረጥ፣ ቲኬት መቁረጥ

እኛ ለሞት ጥሩ ቆጣሪዎች ነን። ሰው ሲሞትብን ከሳልስት እንጀምራለን። ሰባት እንላለን፣ አሥራ ሁለት እንላለን፣ ሠላሳ እንላለን። አርባው ይወጣል፣ ሰማንያው ይወጣል፣ መንፈቁ ይደርሳል፣ ሙት ዓመቱ ይመጣል። አቅም ያለው ሰባት ዓመቱንም ያወጣል። አንድ ቀን አይጠፋብንም። ግድግዳው ላይ ካላንደር ሰቅሎ የማያውቅ ሽማግሌ እንኳ «የእገሌ አርባ እኮ የፊታችን ሐሙስ ነው» ብሎ ያስታውሳችኋል።

ለኖረ ትዳርስ? ሠርጉን እንደግሳለን፤ መልሱን እንጠራለን፤ ቅልቅሉን እንበላለን፤ ሙሽሮቹን ጫጉላ እናስገባለን። ከዚያ ወዲያ ቆጠራው አበቃ። ባልና ሚስት አሥር ዓመት ይኑሩ፣ ሃያ ዓመት ይኑሩ፣ «ለመሆኑ ስንት ሞላችሁ?» ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። የሚገርመው ደግሞ ሰማንያ የሚለው ቃል የሁለቱም መሆኑ ነው። ጋብቻውም ሰማንያ፣ ተዝካሩም ሰማንያ። ድግሱ የሚታወሰው ግን የሁለተኛው ብቻ ነው።

ይህን ነገር ያስነሳችብኝ ፍራንክፈርት የምትኖረው ልጃችን ናት። አንድ ቀን ደውላ «ባባ፣ በጥር 2019 እኮ 30 ነው» አለችኝ። ደንግጬ «የማን?» አልኳት። ሠላሳ ሲባል ጆሮዬ የለመደው ሌላ ነዋ! «የእናንተ ነዋ! የሠርጋችሁ!» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ዕቅዷን ዘረገፈችው። «እኔ ጋ ትመጣላችሁ። ሁለት ቀን ታርፋላችሁ። ከዚያ በባቡር አውሮፓን ታቋርጣላችሁ። እኔ አልከተላችሁም፤ ሁለታችሁ ብቻ። ሮማንቲክ ነው!»

ሮማንቲክ! ይህን ቃል ለሃያ ምናምን ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ኖሬያለሁ። ወርድስወርዝን አስተምሬበታለሁ፣ ፈተና አውጥቼበታለሁ፣ ተማሪ ጥዬበታለሁ። ቤቴ ውስጥ ግን አንድ ቀን ተጠርቼበት አላውቅም። ባለቤቴ አጠገቤ ሆና ትሰማ ነበርና «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሮማንቲክ ሁኑ ነው የምትለው» አልኳት። «በመጀመሪያ የመብራቱን ክፈል፤ ከዚያ ትሆናለህ» አለችኝ።

ባለቤቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። ወደ ሠላሳ ለሚጠጉ ዓመታት ራይንን ከአልፕስ ተራሮች አስነስታ ሰሜን ባሕር ስታስገባ፣ ዳኑብን ከጀርመን ጥቁር ደን አውጥታ ጥቁር ባሕር ስትጨምር ኖራለች። ይህን ሁሉ ያደረገችው ታዲያ በጠመኔ ነው። ወንዙን በሰማያዊ ጠመኔ ትስለዋለች፤ ሰማያዊው ሲያልቅ በነጭ ይፈስሳል። በዐይኗ ግን አንዱንም አይታ አታውቅም። ስለዚህ ዕቅዱን ስትሰማ ትፈነድቃለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ፊቷ ተለወጠ። «ቀን አትቁረጥብኝ» አለችኝ።

ነገሩን ለማታውቁ ላስረዳ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ ቀን ቆርጠን ነበር። ለኅዳር ጽዮን አክሱም ልንሄድ። ማደሪያ ተነጋገርን፤ እሷም ለበዓሉ ነጠላ አሠራች። ጥቅምት 24 ጦርነቱ ተጀመረ። በዚያ ኅዳር፣ በበዓሉ ሰሞን፣ አክሱም ላይ በሰላማዊ ሰዎች ላይ ምን እንደደረሰ ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኛ አልሄድንም፣ ተረፍን። ነጠላው ግን እስከ ዛሬ እንደታጠፈ ነው። ከዚያ ወዲህ «በሚመጣው ወር» የሚል ቃል ከባለቤቴ አፍ ሲወጣ አልሰማሁም።

እሷ ብቻ እንዳትመስላችሁ። በ2013 መጨረሻ ላይ ስልኩም ባንኩም ሲዘጋ፣ ገንዘባችን ባንክ ውስጥ፣ እኛ ከባንኩ ደጅ ሆነን ስንተያይ፣ መቀሌ ውስጥ ሰው ስለ ወደፊቱ የሚያወራው እስከ እራት ድረስ ብቻ ነበር። እራት ከተበላ ወደፊቱ አለቀ። ሲነጋ እንደገና ይጀመራል።

እንግዲህ የድሮ ሥራዬ ነውና ትንሽ ሰዋስው ፍቀዱልኝ። አማርኛ ለመጪው ጊዜ ብቻ የተለየ ግስ የለውም። «እሄዳለሁ» ስንል ዘወትርም ነው፣ ነገም ነው። ተማሪዎች ይህን እንደ ጉድለት ሲቆጥሩት «ግሱ ያው ነው፤ ወደፊት የሚወስደው አጠገቡ የምታስቀምጡት ቀን ነው» እላቸው ነበር። «እሄዳለሁ» ላይ «የዛሬ ሳምንት» ካልተጨመረ ሰውዬው ቆሞ እያወራ ሊሆን ይችላል። ቀን ያልተቆረጠለት መጪ ጊዜ፣ መጪ ጊዜ አይደለም።

ሌላም ነገር ነበር። ሰፈራችን ሓወልቲ ነው። ክፍለ ከተማው ስሙን ያገኘው ከሰማእታቱ ሐውልት ሲሆን፣ ሐውልቱ ቁመቱ ከ50 ሜትር በላይ ነው፤ በረንዳችን ላይ ሆናችሁ ቀና ስትሉ ቀድሞ የሚታያችሁ እሱ ነው። ጥቅምት 2016 ላይ በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ የሞቱት ታጋዮች መርዶ ለየቤተሰቡ ሲነገር፣ እኛ መንገድ ላይ ብቻ በአንድ ቀን አምስት ድንኳን ተተከለ። ለቅሶውን ከየትኛው ቤት እንደምንጀምር ግራ ገባን። ከጎረቤቶቻችን አንዷ የባሏን መሞት ያወቀችው ያን ቀን ነው። ይመጣል ብላ ስንት ዓመት ጠብቃዋለች።

«እዚህ ሰፈር ውስጥ ነው እኔ ሮማንቲክ ሆኜ ሻንጣ እየጎተትኩ የምወጣው?» አለችኝ ባለቤቴ። ምን ብዬ እመልስላታለሁ?

መልሱ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከቡና ላይ ነው። ባለቤቴ «ለማየት ነው እንጂ ለመሄድ አይደለም» እያለች የድሮ አትላሷን አውርዳ አውሮፓን ዘርግታ ነበር። ያችው ጎረቤታችን ገባች። «ሓብተይ፣ ምንድን ነው እሱ?» ብላ ተቀመጠች። ነገርናት፤ አፍረን ነው የነገርናት። ምንም አላለችም። ካርታውን አየች፤ አቦሏን ጠጣች። ከዚያ ጣቷን ቬኒስ ላይ አሳረፈችና «ውሃ ላይ ያለችው ይቺ ናት አይደል? ያለሷማ አይሆንም» አለች። ባለቤቴ «እሷማ መንገዳችንን ታስረዝማለች» ብላ ተሟገተች። ክርክሩ ቶናውን አልፎ እስከ በረካ ዘለቀ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «መምህር፣ የት ደረሳችሁ?» የምትለኝ እሷ ናት። እኛ ገና ከመቀሌ አልወጣንም፤ እሷ ግን ቪየና አድርሳናለች።

«ለምን በባቡር? በአውሮፕላን አትሄዱም?» የሚለን ሰው አይጠፋም። ሥነ ጽሑፍ ለባቡር ፍቅር ብዙም አይመሰክርም፤ እውነት ነው። ቶልስቶይ አና ካሬኒናን ከቭሮንስኪ ጋር ያገናኛት ባቡር ጣቢያ ነው፤ የጨረሳትም እዚያው ሐዲድ ላይ ነው። ይህን ለባለቤቴ ብነግራት «ታዲያ ልትገድለኝ ነው የምትጋብዘኝ?» አለችኝ። የእኛው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ደግሞ ሰብለ ወንጌል በእግሯ ነው በዛብህን ፍለጋ የወጣችው፤ ስትደርስም እሱ አልጋ ላይ ነው። ባንድ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው አገር ያዩ ፍቅረኞች በንባቤ ብዙ አልገጠሙኝም።

እኛ ግን አንድ ጊዜ ተቀምጠናል። በጥር 1989 ከሠርጋችን ሁለት ሳምንት በኋላ ከለገሀር ተነስተን ድሬዳዋ የሄድነው በባቡር ነው። ለገሀር የሚለው ስም ራሱ «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ጣቢያው ማለት ነው። ያ ሐዲድ ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዋንም ቆረቆራት። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በአጠቃላይ 784 ኪሎ ሜትር። ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ በሆነ ሐዲድ ላይ ስንወዛወዝ፣ በመስኮት የገዛነውን ብርቱካን እየላጥን፣ ተማሪ ሆነን ያላወራነውን ሁሉ አወራን። ባቡር ውስጥ ሹፌር የለም «ዝም በሉ፣ ላተኩር» የሚላችሁ፤ መንገዱን የምታሳዩት ሰው የለም፤ ጉድጓድ ላይ «ቀስ በል!» አትሉም። ሁለት ሰው መንገዱን ለሌላ አስረክቦ የሚተያይበት ቦታ ነው። የመብራቱን፣ የውሃውን፣ የልጆቹን ነገር ለማንሳት እንኳ ሰዓቱ ስለሚረዝም፣ እሱን ስትጨርሱ ሌላ ወሬ ለመፈለግ ትገደዳላችሁ። ሮማንቲክ ማለት ይኸው መሰለኝ።

ድሮ እንዲያውም 30ኛውን ያሰብነው ለአውሮፓ አልነበረም። በ2007 ከሐራ ገበያ መቀሌ የሚዘረጋው የባቡር መንገድ ሥራ ሲጀመር፣ ባለቤቴ ክፍሏ ካርታ ላይ መስመሩን በእርሳስ ስባ ለተማሪዎቿ አሳየች። ከመቀሌ ወደ ራያ ይወርዳል፤ ሐራ ገበያ ላይ ቱርኮች ከሚሠሩት ከአዋሹ መስመር ጋር ይገናኛል፤ በኮምቦልቻ አድርጎ አዋሽ ይወርዳል፤ እዚያ አዲሱን የአዲስ አበባ ጅቡቲ ሐዲድ ያገኛል። ያን ቀን ማታ «30 ሲሞላን ከዚህ ተሳፍረን ጅቡቲ ባሕር ዳር እንወርዳለን» አለችኝ። ትልቁ ሐዲድ በመስከረም 2009 ተመረቀ፤ በ2010 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ፤ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው፤ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የእኛው መስመር ግን ሲቆፈር፣ ሲደለደል ቆይቶ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ሠራተኛው ሄደ፣ ሥራው ቆመ። የእርሳሷ መስመር ከሐዲዱ ቀድማ ቀረች።

እናም የልጃችን ግብዣ በዚያ ፈንታ የመጣ ነው። እንግዲህ ከጎረቤታችን ጋር ተማክረን የደረስንበትን መንገድ ልንገራችሁ፤ ምናልባት ለሌላ ሰውም ይጠቅም ይሆናል።

ዩሬይል የሚባል ፓስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1959 የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በ33 አገሮች ባንድ ፓስ ያሳፍራል። የሚሸጠው ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖር ሰው ነው። እዚያው ለሚኖሩት ኢንተርሬይል የሚባል ሌላ አለ፤ ከ1972 ጀምሮ። ስለዚህ ልጃችን ልሸኛችሁ ብላ አንድ ቀን ብትሳፈር እንኳ፣ ባንድ ባቡር፣ ባንድ ወንበር ላይ ሆነን ወረቀታችን ለየቅል ነው። ፓሱ ብቻውን ደግሞ ሁልጊዜ አይበቃም። በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስፔን ፈጣን ባቡሮች መቀመጫ አስቀድሞ ማስያዝ ግድ ነው፤ ተጨማሪም ያስከፍላል። በጀርመንና በኦስትሪያ ግን ባብዛኛው ያገኛችሁት ላይ መሳፈር ነው። የሌሊት ባቡር ከሆነ የትም አገር ይሁን አልጋችሁን ቀድማችሁ ትይዛላችሁ።

ጊዜውን ወደ ግንቦት ያዞረችው ባለቤቴ ናት። «በጥር የምናየው ዳኑብን ሳይሆን ጭጋግ ነው» አለች። የጂኦግራፊ ሰው ስታገቡ የሠርጋችሁ ቀን እንኳ በአየር ንብረት ይዛወራል።

ከፍራንክፈርት ማይንዝ፣ ከማይንዝ ኮብሌንዝ፤ እዚያ ሐዲዱ የራይንን ዳርቻ ይዞ ነው የሚሄደው። አንዱ ወንዝ በዚህ ተጠናቀቀ። ቀጥሎ ቪየና፤ ዳኑብ። ከቪየና ወደ ደቡብ የሰመሪንግ ተራራ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1848 እስከ 1854 የተዘረጋው የዚያ ተራራ ሐዲድ ርዝመቱ 41 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚያች ርቀት ውስጥ ግን 16 የሸለቆ ድልድዮች አሉት። ዩኔስኮ በ1998 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ተራራ በባቡር ይወጣል ብሎ የሚያምን ሰው ጥቂት ነበር። ባለቤቴ ይህን ስታነብ «እና ከራያ መቀሌ የሚወጣው ለምን ያቅታል?» አለች። ከዚያ ቬኒስ። ባቡሩ ባሕሩን በድልድይ አቋርጦ ነው የሚገባው፤ ከጣቢያው በር ስትወጡ የሚቀበላችሁ ታክሲ ሳይሆን ጀልባ ነው። ጎረቤታችን በዚህ ጉዳይ አሸንፋለች።

መጨረሻችን ሮም ነው። የሮም ታላቅ ባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ ይባላል። ከፊቱ ያለው አደባባይ የተሰየመው ለአምስት መቶ ሰዎች መታሰቢያ ነው። የትኞቹ አምስት መቶ? በጥር 1879 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች! አስቡት እንግዲህ፤ ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስተን፣ አገር ለአገር ዞረን፣ ከባቡር የምንወርደው አሉላ በጣላቸው ሰዎች አደባባይ ነው። ወሩም የእኛው የጥር ወር።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው ቦታ አለ። በ1929 ወሰዱት፤ በ1930 አቆሙት፤ በሚያዝያ 1997 በሦስት ተቆርጦ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ አክሱም ላይ ቆመ። ባለቤቴን «የቆመበትን አሳይሻለሁ» ብላት «የሌለ ነገር ለማየት ዩሮ ከፍሎ የሚሄድ አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ «ግን አሳየኝ» አለች። ይቺ «ግን አሳየኝ» ከ2013 ወዲህ ከአፏ የሰማኋት የመጀመሪያዋ መጪ ጊዜ ናት።

ካርታው ላይ መሄድ ቀላል ነው። ከካርታው ሲወጡ ወረቀቱ ይመጣል። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከሰኔ 2016 ጀምሮ 90 ዩሮ ሆኗል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ያስፈልጋል። የባንክ መግለጫ፣ የግብዣ ደብዳቤ፣ አሻራ። አሻራው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። በሚያዝያ 2016 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ኢትዮጵያ በሕገወጥ መንገድ የሚኖሩ ዜጎቿን መልሳ በመቀበል አልተባበረችም ብሎ በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛውን ደንብ አጠበቀ፤ የማመልከቻው መመርመሪያ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲረዝም፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ወሰነ። ቀጥሎ በሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የጡረተኛ አበል ወደ ዩሮ ሲለወጥ ምን እንደሚመስል ለመንገር ጨዋነቴ አይፈቅድልኝም። ወጪያችንን እችላለሁ ብላ እዚያው ጀርመን አገር የግዴታ ደብዳቤ የምትፈርመው ልጃችን ናት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ገንዘቡ አይደለም። ቪዛ የሚሰጠው ሰው ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ «ትመለሳላችሁ ወይ?» የሚለውን። ጥያቄው የሱ መብት ነው። ነገር ግን ሰው ወደ ቤቱ እንደሚመለስ በምን ወረቀት ይረጋገጣል? ባለቤቴ «ጎረቤቴን ቅዳሜ ቡና ማን ያጠጣታል ብለህ ጻፍላቸው» አለችኝ። የሚጻፍበት ክፍት ቦታ ቅጹ ላይ ፈለግኩ፤ የለም።

የጋብቻ ምስክር ወረቀት ግን ይጠየቃል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። የኛ ጋብቻ የ1989 ነው። ማስረጃችን አንድ የፎቶ አልበምና አንድ የቪዲዮ ካሴት ነው፤ የካሴቱ ማጫወቻ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ስንጋባ የነበሩ እማኞች አምጡ ተባልን።

እማኝ ስንፈልግ ነው ሠላሳው ዓመት በእውነት የተቆጠረው። አራት ሚዜዎች ነበሩኝ። አንዱ የስኳር ሕመምተኛ ነበር፤ በ2014 መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ አጣነው። አንዱ በጦርነቱ ሄደ። አንዱ ሲያትል ነው። የቀረው አንድ፣ እዚሁ ዓዲ ሓቂ። ደወልኩለት። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሚዜ እንድትሆነኝ እፈልጋለሁ» አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ደግሞ ማንን ልታገባ ነው?» አለኝ።

በማግስቱ ባጃጅ ውስጥ ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ መጣ። ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ወረፋ የያዙት ወጣቶች ዞረው አዩት። «ለሠርግ ነው የመጣሁት» አላቸው፤ እነሱም እልል አሉለት። መዝጋቢዋ ልጅ «መቼ ነው የተጋባችሁት?» ስትል ከኔ ቀድሞ ቀኑን ከነዕለቱ ነገራት። ፈረመ። የባለቤቴ ታላቅ እህትም ፈረመች። ልጅቷ ወረቀቱን እየሰጠችን «እንኳን ደስ አላችሁ» አለችን፤ የሥራ ልምድ ይሁን ወይም ከልቧ አላውቅም። ባለቤቴ ግን እንደ ሙሽራ አቀረቀረች።

ከዚያ አራታችን ምሳ በላን። ሚዜዬ ጥብሱን እየጠቀለለ «ለ40ኛው ማን ይፈርምላችኋል?» አለ። ለቀልድ ነበር የጀመረው። ማናችንም አልሳቅንም። ባለቤቴ ናት ዝምታውን የሰበረችው። «አንተው ትፈርማለህ። መስከረም ላይ ደግሞ ስኳርህን ተለካ» አለችው። መስከረም! ልብ በሉልኝ፤ ወር ጠርታለች።

ያን ቀን ስመለስ የማስበው ስለ አንድ ግስ ነበር። አማርኛችን ቀንንም «መቁረጥ» ይላል፣ ቲኬትንም «መቁረጥ» ይላል፣ ተስፋንም «መቁረጥ» ይላል። ሦስቱም ያው ቢላዋ ነው። ሽማግሌዎች ለሠርግ ቀን ሲቆርጡ ከማያልቀው ጊዜ ላይ አንዲት ቁራጭ አንስተው ለሁለት ሰዎች ይሰጣሉ፤ «ይቺ የእናንተ ናት» ብለው። ጦርነት የሚወስደው የሰው ሕይወትና ንብረት ብቻ አይደለም፤ ይህን ቢላዋ ከእጃችን ላይ ይወስደዋል። ከዚያ ወዲህ የምንቆርጠው ሦስተኛውን ብቻ ይሆናል።

ቪዛው ይሰጠን አይሰጠን አናውቅም። 45 ቀን ረጅም ነው፤ ግንቦትም ሩቅ ነው፤ በእኛ አገር መካከል ላይ ምን እንደሚገባ ማን ያውቃል። ከተከለከልን ባለቤቴ ሁለተኛ መንገድ አዘጋጅታለች፤ አዲስ አበባ ወርደን በአዲሱ ባቡር ድሬዳዋ፣ ከተቻለም ጅቡቲ። «ዳኑብ ባይሆን አዋሽ» ትላለች። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ በአፋር ሐይቆች ውስጥ ሰርጎ ይቀራል። ይህን ለተማሪዎቿ ስታስተምር «ባሕር አልደረሰም ብላችሁ አትናቁት፤ ያለፈበትን ሁሉ አጠጥቷል» ትላቸው ነበር አሉ። ለአውሮፓው ባቡራችንም ይህ ይበቃል። ገና ሳይነሳ አንድ ሚዜ ከዓዲ ሓቂ አምጥቶልናል፣ አንዲት ሐዘንተኛ ጎረቤት ስለ ቬኒስ አከራክሯታል፣ አንዲት ሴት ወር እንድትጠራ አድርጓል።

እናንተስ፣ ስንት ሞላችሁ? አልቆጠራችሁ ይሆናል። ዛሬ ማታ ቁጠሩ። አውሮፓ አይጠበቅባችሁም፤ ሐዋሳም ይሁን፣ ላሊበላም ይሁን፣ ከሰፈራችሁ ሁለት ፌርማታ ያለች ሻይ ቤትም ትሁን። ብቻ ቀኑን ቁረጡት። ሙታኖቻችን የሚታወሱበት ቀን ሞልቶናል፣ እሱም ይገባቸዋል፤ አብሮን ላለው ሰው ደግሞ አንዲት ቀን እንቁረጥለት።

ቸር እንሰንብት።